ስለ ሽቦ ሎሪና ስለ ፈር መኪና

(በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለእጩ መምህራን የተደረገ ንግግር)



በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትንንሽ ሎሪዎች ተቀምጠዋል። ከኋላ ያላችሁ ምናልባት አታዩአቸው ይሆናል፤ እያንዳንዳቸው ከአንድ ስንዝር አይበልጡምና። በቀኝ ያለችው፥ ቀለም የተቀባችው፥ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ናት፤ እኔና ባለፈው ዓመት የነበሩ ጥቂት ሠልጣኞች በዚሁ ግቢ ሠራናት። በግራ ያለችው፥ ዝገት የጀመራት፥ ከሽቦና ከዘይት ጣሳ የተሠራች ናት፤ የሠራት አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለ ሁለቱ ነው። አንድ መምህር ስለ ልጅ መጫወቻ ለመናገር በእንዲህ ያለ ጉባኤ ፊት መቆሙ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ቢመስል አልቀየምም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእናንተ ጋር እስቅ ነበርና።

ነገሩ የሚጀምረው ከገዳሪፍ ነው። ከመተማ ዮሐንስ ተነሥቶ ወደ ገላባት ተሻግሮ፥ ከገላባትም 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚደረስባት ይህች የምሥራቅ ሱዳን ከተማ የማሽላና የሰሊጥ አገር ናት። በዚያ ጥቁር አፈር ላይ በትራክተር በሰፊው ማረስ የተጀመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1940ዎቹ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ለጦር ሠራዊት እህል ስላስፈለገ ነበር። ከዚያም ወዲህ እርሻው እየሰፋ ስለ ሄደ በአረምና በአጨዳ ወራት ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ ብዙ ወጣት ድንበር እየተሻገረ በቀን ሥራ ሲተዳደርበት ኖሯል። ወጣቱን ተከትሎ ሻይ ሻጩም፥ ምግብ ቤቱም፥ ልብስ ሰፊውም ይሄዳል። እናቴ በከተማይቱ የሎሪ ማቆሚያ አጠገብ ሻይና ቡና ስትሸጥ እኔ ከአሥራ አንድ ዓመቴ እስከ አሥራ አምስት ዓመቴ ድረስ በዚያ አደግሁ።

በማቆሚያው ከነበሩት መኪናዎች ሁሉ ልቤን የሚወስደው አሮጌው ቤድፎርድ ነበር። ቮክስሆል የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በቤድፎርድ ስም የጭነት መኪና መሥራት የጀመረው በ1931 ሲሆን፥ አፍንጫው ወደ ፊት የወጣው፥ እኛ የምናውቀው ዓይነት፥ የወጣው በ1958 ነው። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሞተሩና ሻንሲው ነበር። የጭነቱን ሳጥን የሚሠራው የአገሩ አናጢና የአገሩ ብረት ቀጥቃጭ ነው፤ በሳጥኑም ላይ አበባና ጽሕፈት የሚስለው የአገሩ ቀለም ቀቢ ነው። ስለዚህ ያ ሎሪ ግማሹ እንግሊዝ፥ ግማሹ ገዳሪፍ ነበር ማለት ይቻላል፤ በእኔ ዓይን ደግሞ ያማረው ግማሽ የገዳሪፉ ነበር። ያን ጊዜ ወደ ገላባት የሚወስደው መንገድ አስፋልት ስላልነበረው ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማውን እስከ ወገቡ ይውጠዋል። ሎሪዎቹ ለብዙ ቀን ይቆማሉ፤ ነጂዎቹ ከሥራቸው ተኝተው ይጠግናሉ፤ እኛ ልጆች ደግሞ አጠገባቸው ተንበርክከን አንዱን ብሎን ከሌላው እየለየን እናያለን። ለእኛ ትምህርት ቤት ማለት ይህ ነበር።

ያየነውን ደግሞ እንሠራዋለን። ሽቦ ከየአጥሩ ይገኛል፤ ቆርቆሮው የዘይት ጣሳ ነው፤ ጎማው የለስላሳ መጠጥ ቆርኪ፥ ወይም ካረጀ የላስቲክ ጫማ በክብ የተቈረጠ ነው። ከመሪው ላይ ረጅም ዘንግ ይቀጠልና ልጁ ቆሞ እየሄደ ይነዳዋል። ይህ የሱዳን ልጆች ጥበብ ብቻ አይደለም፤ በአገራችንም ብዙ ልጅ በቀበሌው ያየውን ፊያት «ኤንትሬ» በሽቦ ሠርቶ እስከ ማታ አቧራ ሲያስጨስ ኖሯል። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል እንዲህ ያለ መኪና ያልነዳችሁ ጥቂቶች ትመስሉኛላችሁ። እጃችሁን አውጡ አልልም፤ ፊታችሁ ይናገራል።

አሁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ባሕር ማዶ እንሻገር፤ በዚያ ይህ ሥራ ጢም ያበቀሉ ሰዎች ሥራ ነውና። በአሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 ድረስ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ክልከላው ከተነሣ በኋላም ግብር ሳይከፍሉ በዱር አረቄ የሚያወጡ ሰዎች ጭነታቸውን በሌሊት የሚያሾልኩበት መኪና ከፖሊስ መኪና እንዲፈጥን ሞተሩን ያበረቱ ነበር፤ በተለይ ፎርድ በ1932 ያወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር መኪና ለዚህ ተወደደ። (የድንበር ከተማ ልጅ ይህን ታሪክ ለማመን አይቸገርም።) ከነጂዎቹ አንዳንዶቹ እርስ በርሳቸው መሽቀዳደም ያዙ፤ ሌላውም ሰው ተጨመረበት፤ በ1948ም ናስካር የተባለው የውድድር ማኅበር ተቋቋመ። የሚወዳደረው ከመደብር የሚገዛ ተራ መኪና ስለ ነበረ «ስቶክ ካር» አሉት። ዛሬ የእነዚያን አሮጌ ፎርዶች ምስል፥ የጎማ መከለያቸው ተነቅሎ በራቸው ላይ ቁጥር እንደ ተጻፈባቸው፥ በትንሹ ሠርተው በሰሌዳ ላይ የሚያሽቀዳድሙ ሰዎች አሉ።

ሰሌዳው እንዲህ ነው። በላዩ አንድ ቀጭን ፈር ይወጣል፤ በፈሩ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት መስመሮች ይዘረጋሉ። ከመኪናዋ ሆድ የወረደ ምላስ ወደ ፈሩ ይገባል፤ በምላሱ ጎንና ጎን ያሉ ሁለት የመዳብ ጭራዎች መስመሮቹን እየነኩ ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ ያደርሳሉ። ተጫዋቹ በእጁ በያዘው መቆጣጠሪያ ኃይሉን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል፤ ከዚህ ሌላ ሥልጣን የለውም፤ መሪው ፈሩ ነው። ይህን ጨዋታ በዓለም ካስፋፉት አንዱ ፍሬድ ፍራንሲስ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። እርሱ በ1952 በጥምዝምዝ ብረት ኃይል የሚሄዱ «ስካሌክስ» የተባሉ የቆርቆሮ መኪናዎችን ያወጣ ነበር፤ በ1957 ኤሌክትሪክ ጨመረባቸውና «ስካሌክስትሪክ» አላቸው። እንግዲህ የእርሱም መነሻ እንደ እኛው ቆርቆሮ መሆኑን ልብ በሉልኝ። መኪናዎቹ በተለምዶ የእውነተኛው መኪና ሠላሳ ሁለተኛ እጅ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙት፤ እመለስበታለሁ። ፈረንጆች «ስሎት ካር» የሚሉትን እኔ ገበሬው ከሚያውቀው ቃል ወስጄ «የፈር መኪና» ብየዋለሁ።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ የሚያኮራ አይደለም።

በ2015 ዓ.ም. ከድንበሩ በዚህ ወገን በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 7 ቀን በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ብዙ ሕዝብ በገዳሪፍ በኩል ወደ ገላባት፥ ከገላባትም ወደ መተማ ጐረፈ፤ ሱዳናዊው ስደተኛ ሆኖ፥ የእኛው ሰው ደግሞ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመላሽ ሆኖ መጣ። ለስደተኞቹ በኩመርና በአውላላ ሰፈር ተሠራ፤ እነዚያም በኋላ ተዘግተው ሕዝቡ ወደ አፍጥጥ ተዛወረ። በግንቦት ወር ጥቂት አዳዲስ ልጆች ወደ እኔ ክፍል ገቡ። ከእነርሱ አንዱ እናቱ የእኛ አገር ሰው፥ እርሱ ግን ካርቱም ተወልዶ በዐረብኛ የተማረ ልጅ ነበር። አማርኛው የቤት አማርኛ ነበር፤ «እንጀራ አምጣ» ይበቃዋል፤ «አካፋይና ተካፋይ» ግን አይገባውም።

በአንድ ረቡዕ ክፍልፋይ አስተምራለሁ። ሰማንያ ልጅ በአንድ ክፍል ተጨናንቋል፤ ሙቀቱን እናንተ የቆላ ልጆች ታውቁታላችሁ። «የግማሽ ግማሽ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለኝ። ቀና ብሎም አላየኝም፤ እጁ ከጠረጴዛው ሥር ነበር። ሄጄ ብመለከት ይህችን ሎሪ ይዞ የፊት ጎማዋን ያቃናል። ወሰድኋት። «ፈር የለቀቀ ልጅ!» አልሁት በጓደኞቹ ፊት፤ ክፍሉም ሳቀ። ሎሪዋን በዕቃ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌ «ሰኔ ላይ ትወስዳለህ» አልሁት። እርሱም አላለቀሰም፤ አልለመነኝምም። ሐሙስና ዓርብ መጥቶ ተቀመጠ። ሰኞ ቀረ። እናቱ ልጆቿን ይዛ ከከተማው ወጥታ ነበር፤ ወደ የት እንደ ሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሰኔ ደረሰ፤ ሎሪዋን የሚወስድ ግን የለም።

በክረምቱ ወደዚህ ተቋም ስዛወር ዕቃ ቤቱን ለማስረከብ ቁም ሣጥኑን ከፈትሁ። ሎሪዋን አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ ነዳኋት፤ ያን ጊዜ ነው ያየኋት። ቤድፎርድ ነበረች። አፍንጫዋ፥ የሳጥኑ ከንፈር፥ የኋላ መወጣጫው ሳይቀር፥ እናቴ ሻይ ከምትሸጥበት ፊት የቆመው ሎሪ ነበር። መሪዋን ባዞርሁ ጊዜ ደግሞ አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ ሁለቱ የፊት ጎማዎች እኩል አልዞሩም። የተበላሸች መሰለኝ። ወደ ሌላው ወገን ባዞር እንደገና እኩል አልዞሩም፤ ሁልጊዜ በመታጠፊያው ውስጥ ያለው ጎማ ከውጭው ይበልጥ ይዞራል።

ይህ ስሕተት አይደለም። መኪና ሲታጠፍ የውስጡ ጎማ የሚሄድበት ክብ ከውጭው ክብ ያንሳል፤ ሁለቱ እኩል ከዞሩ አንዱ በግድ ይንሸራተታል፤ ላስቲኩም ቶሎ ያልቃል። መፍትሔውን ያገኘው ላንከንስፐርገር የተባለ የሙኒክ ሠረገላ ሠሪ ነው፤ በ1818 በእንግሊዝ አገር የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው አከርማን ስለ ሆነ በአከርማን ስም ይጠራል። ጥበቡ አጭር ነው፤ ከጎማዎቹ ወደ ኋላ የሚወጡት ሁለት ክንዶች ቀጥ ብለው በመሄድ ፈንታ ወደ መካከል ይጠጋሉ፤ በሐሳብ ቢረዝሙ በኋላው አክስል መካከል ላይ ይገናኛሉ። በዚህች ሎሪ ሥር ያሉትን ሁለት የሽቦ ክንዶች ወደ ፊት መጥታችሁ ተመልከቱ፤ እንደዚያው ታጥፈዋል። እኔ በዲፕሎማ የተመረቅሁ የሒሳብ መምህር ይህን ስም ያወቅሁት ሎሪዋን ካየሁ በኋላ ከአንድ መካኒክ መጽሐፍ ተውሼ ነው።

በዚያው ሰሞን የልጁ የወንበር ጓደኛ ካርዱን ሊወስድ መጣ። ሎሪዋን በእጄ ሲያይ ፈገግ አለና ሁሉን ነገረኝ። ልጁና ቤተሰቡ ከካርቱም ሸሽተው ገዳሪፍ ሲደርሱ ለመሻገር ተራ እስኪያገኙ ድረስ በሎሪ ማቆሚያው ሰንብተዋል። አጠገባቸው አንድ አሮጌ ቤድፎርድ ቆሞ ነበር። ልጁ ሜትር አልነበረውም፤ የልብስ መስጫ ገመድ ወስዶ የሎሪውን ርዝመት ለካ፤ ገመዱን ለሁለት አጠፈው፤ እንደገና አጠፈው፤ አራት ጊዜ ካጠፈ በኋላ በዚያ ልክ የሽቦ ሎሪ ጀመረ። እናቱ ግን «ከቦርሳህ የማይገባ ነገር ይዘህ አትሄድም» አለችው። ስለዚህ ገመዱን አምስተኛ ጊዜ አጥፎ እንደገና ጀመረ።

የግማሽ ግማሽ፥ የእርሱ ግማሽ፥ የእርሱ ግማሽ፥ የእርሱ ግማሽ። አምስት እጥፋት ሠላሳ ሁለተኛ እጅ ነው። ሎሪዋን በማስመሪያ ለካኋት፤ 20 ሳንቲ ሜትር ናት፤ በ32 ብታባዙት 6 ሜትር ከ40 ይሆናል። የእውነተኛው ሎሪ ጎማ ከፍታው አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ለ32 ሲካፈል ከ3 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ቆርኪም ልኩ ያው ነው። እኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጠይቀው ዝም ያለኝ ልጅ መልሱን በእጁ ይዞት ነበር፤ እኔም ቀምቼ ቆለፍሁበት።

ባለፈው ዓመት በዚህ ተቋም የመርጃ መሣሪያ ዝግጅት ሳስተምር ስድስት ሠልጣኞች ይህን ታሪክ ሰምተው «የእርሷን እኅት እንሥራ፤ በፈር ትሂድ» አሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሠራን። ስለ ሥራው ጥቂት ልግለጽ፤ ከእናንተ መካከል የሚሞክር ሊኖር ይችላልና።

በመጀመሪያ ፈሩን በመጋዝ ለማውጣት ሞከርን፤ ጠመዝማዛ ሆነብን፤ ጣውላም አበላሸን። ኋላ የተገኘው ዘዴ ከሁሉ የቀለለ ነው። ኮምፔንሳቶ የሚባለውን ስስ ጣውላ የመንገዱን ቅርጽ አስይዞ ለሁለት መቁረጥ፥ ከዚያም ሁለቱን ክፍሎች 3 ሚሊ ሜትር አራርቆ በሌላ ወፍራም ጣውላ ላይ በኮላ ማጣበቅ ነው፤ መካከሉ ራሱ ፈር ይሆናል። የመብራት ገመድ ልጠን መዳቡን በመዶሻ አሳስተን በፈሩ ግራና ቀኝ አጣበቅነው። መገጣጠሚያው ላይ ከፍታ እንዳይኖር በእጅ ጣት ደጋግሞ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ዓይን የማያየውን ጣት ያገኘዋል። የሎሪዋ አክስል ከብስክሌት ጎማ የተነቀለ ቀጭን ብረት ነው፤ የሚሽከረከረው በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ነው። ምላሷን ከተሰበረ ማበጠሪያ ቈረጥነው፤ ብረት ቢሆን ሁለቱን መስመሮች አገናኝቶ ኃይሉን ያቃጥለው ነበር።

ሞተሩ ዋና ራስ ምታታችን ሆነ። ከአሮጌ ቴፕ አውጥተን ገጠምንላት፤ ሄደች፤ ግን ኃይሉን ብንቀንስም ብንጨምርም ያው አረማመዷ ነው። ለካ ቴፕ ዘፈኑ እንዳይፈጥንና እንዳይዘገይ ፍጥነቱን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ በሞተሩ ውስጥ ተቀምጦለታል። ሁለት ቅዳሜ በዚህ አለፈ። በኋላ ከተሰበረ ሲዲ ማጫወቻ የወጣ ሞተር አደረግንና የቴፑን ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ብቻ አስቀረን። በሞተሩ ራስ ትንሽ፥ በአክስሉ ላይ አራት እጥፍ የሚሰፋ መዘውር ስላለ ሞተሩ አራት ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ፍጥነት ቀንሶ ጕልበት ይጨምራል ማለት ነው። ኃይሉን የምትወስደው ከአራት የባትሪ ድንጋይ ነው። መቆጣጠሪያው ከተቃጠለ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተረፈ ጥምዝ ሽቦ ነው፤ በሽቦው ላይ መንኪያውን ወዲያና ወዲህ ስታንሸራትቱ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት ሽቦ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ ሎሪዋም ትዘገያለች ወይም ትፈጥናለች። የኤሌክትሪክ መቋቋምን በቃል ከማስተማር ይልቅ ይህን በአንድ ተማሪ እጅ ማስያዝ ይበልጣል።

ሎሪዋን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ኃይል ስንለቃት በመጀመሪያው መታጠፊያ ተገለበጠችና ከጠረጴዛው ወደቀች። ከሠልጣኞቹ አንዷ ሳታስብ «ፈር ለቀቀች!» ብላ ጮኸች፤ ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የግንቦቱን ረቡዕ አስታወስሁ። ምክንያቱ ግልጥ ነበር፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በመታጠፊያ ላይ መኪናን ወደ ውጭ የሚጥለው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሎሪ ደግሞ ረጅም ናት። ከጎሚስታ ዘንድ ለጎማ ማመዛዘኛ የሚሆን እርሳስ ለምነን ከሆዷ ሥር ዝቅ አድርገን አጣበቅንላት፤ ከዚያ በኋላ ጸናች። ያው ሠልጣኝ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣች፤ «መምህር፥ የምትመራው በፈሩ ከሆነ የፊት ጎማዎቿ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ። ምንም አይሠሩም። ለመልክ ናቸው። በዚህ ረገድ የእኛዋ ሎሪ ከልጁ ሎሪ ታንሳለች፤ ያቺ መታጠፍ ታውቃለች፤ ይህቺ ግን ፈሩ በወሰዳት ትሄዳለች።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «የትምህርቱ ፕሮግራም ለዚህ ጊዜ አይሰጥም፤ ሰማንያ ልጅ ባለበት ክፍል ማን ሽቦ ያጣጥፋል?» ይላሉ። ሰማንያውን አውቃቸዋለሁ፤ በፊታቸው ቆሜአለሁ። እኔም ሁሉም ክፍል የሎሪ ጋራዥ ይሁን አላልሁም። ያን ረቡዕ የሚያስፈልገኝ ጊዜ ግን አንድ ደቂቃ ነበር፤ «ይህን እንዴት ለካኸው?» ብሎ ለመጠየቅ የሚበቃ። ልጁ አማርኛ ቢያጥረው እኔ በገዳሪፍ የተማርሁት ዐረብኛ ገና አልጠፋኝም ነበር።

የኤሌክትሪኳ ሎሪ የተቋሙ ናት፤ መማሪያ ትሁን። የሽቦዋ ሎሪ ግን የልጁ ናት። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ከእናንተ መካከል በሚመጣው ዓመት ወደ መተማ፥ ወደ ኮኪት፥ ወደ ገንዳ ውኃ የምትመደቡ ትኖራላችሁ፤ ከቆመ መኪና ሥር ተኝቶ ወደ ላይ የሚመለከት ልጅ ብታዩ ገዳሪፍን ያውቅ እንደ ሆነ ጠይቁትና ጻፉልኝ። ስሙን አውቀዋለሁ፤ በአደባባይ መጥራቱን ግን አልወደድሁም። ሎሪዋ በቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ትገኛለች፤ መደርደሪያው ቁልፍ የለውም።